አራተኛው ካርድ

አለበል ኃይለ ሚካኤል ከሁሉ አብልጦ የሚጠላው ነገር ቢኖር «ስንት ሰዓት ሆነ?» ተብሎ መጠየቅ ነበር። ነፋስ መውጫ ላይ ደግሞ ይህን ሳይጠየቅ ውሎ የገባበት ቀን የለም። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። በ፲፱፻፷፬ ዓ.ም. ከከተማው በላይ ባለችው ጉብታ ላይ የስልክ ማስተላለፊያ ጣቢያዋ ስትመረቅ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ሹም ሕዝቡ በተሰበሰበበት «እዚህች ቤት ውስጥ በሰከንድ መቶ ሺህ ጊዜ የሚመታ ሰዓት አለ» ብሎ ተናገረና፣ ተጨብጭቦለት በቅሎው ላይ ወጥቶ ሄደ። ሹሙስ ሄደ፤ ጣጣው ለአለበል ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ገበያተኛው፣ ባለጉዳዩ፣ ቄሱም ሳይቀሩ ጉብታውን እያለከለኩ ይወጡና በሩ ላይ ቆመው ሰዓት ይጠይቁታል። «የለኝም» ሲላቸው አያምኑትም። አንድ ሽማግሌማ «መቶ ሺህ የሚመታውን ታቅፈህ ተቀምጠህ ለእኔ አንዲቱን ትነፍገኛለህ?» ብለው ተቀየሙትና ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነሡት።

እውነቱን ለመናገር አለበል የእጅ ሰዓት እንኳ አልነበረውም። የጣቢያዋ ሰዓት ደግሞ መርፌም ቁጥርም የለውም፤ የሚያውቀው መምታት ብቻ ነው። መሣሪያው ስድስት ንግግሮችን በአንድ መስመር የሚልከው እያንዳንዱን ቆራርጦ ቁርጥራጩን በየተራው በመላክ ነው። ማዶ ያለው መሣሪያ ቁርጥራጩን ለቅሞ ለየባለቤቱ ይገጥመዋል። ተራ የሚጠራው እንግዲህ ያ ምት ነው። ምቱ ከሳተ የዳኛው ንግግር ለእህል ነጋዴው፣ የነጋዴው ለጤና ጣቢያው ይደርሳል፤ ሲብስበት ደግሞ ስድስቱም ባንድነት ዝም ይላሉ። ይህን ለሰው ማስረዳት ሞክሮ ሞክሮ ሰለቸውና «ሰዓቱ ተበላሽቷል» ማለት ጀመረ። የሚያሳዝነው፣ ብዙ ጊዜ እውነቱንም ነበር።

ለዚህ ሥራ የተወለደ ሰው አልነበረም። የተወለደው ቤተ ልሔም፣ ከድጓው መምህር ከመሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ነው። አባቱ መምህሩም ስለነበሩ ከልጅነቱ ጀምሮ «የኔታ» እንጂ «አባባ» ብሎ ጠርቷቸው አያውቅም። ዜማው በደሙ ነበር፤ ድጓውንም በገዛ እጁ ጽፎ ጨርሶ፣ ሊያስመሰክር አምስት ወር ብቻ ቀርቶት ነበር። ታዲያ በአንዲት የዜማ ምልክት ሦስት ጊዜ ቢመልሱት ደሙ ፈላና፣ አንድ ጠዋት ዕቃውን ጠቅልሎ ደብረ ታቦር ገባ፤ አስኳላ ተመዘገበ። ያኔ ዐሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። መሪጌታ አልረገሙትም፤ አልመረቁትምም። ከዚያ በኋላ ለዓመት በዓል ቤት ሲመጣ እንኳ «ብላ፣ ጠጣ» ይሉታል እንጂ ስሙን አይጠሩትም፤ ስለ ሥራውም ጠይቀውት አያውቁም።

አዲስ አበባ ሦስት ዓመት ተምሮ የመሣሪያ ጠጋኝ ሆኖ ወደ አገሩ ሲመደብ በሆዱ የያዘው ነገር ይህ ነበር፦ አንድ ነገር ጀምሮ ሲጨርስ ይታይ። የቤተ ልሔም ሰው «ድጓውንም ጣለው፣ ሽቦውም እሱን ጣለው» እንዳይለው። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ጣቢያዋ በተቋረጠች ቁጥር ግን የሚታወሰው ይኸው ነበር።

ትቋረጣለች ደግሞ። በሳምንት አንዴ፣ ሲከፋ ሁለቴ፣ ብዙውን ጊዜ ነፋሱ በሚበረታበት ብርዳማ ጠዋት። መጀመሪያ የምታውቀው ከታች ከተማ ስልክ አገናኟ ይታይሽ ናት። ጣቢያውና የከተማው ስልክ ቤት የሚነጋገሩበት ለብቻው የተዘረጋ ሽቦ ስለነበር፣ ደወሉን ታንጫርረዋለች።

«ጋሼ አለበል፣ ሞቷል።»

«አውቄያለሁ።»

«ከአርብ ገበያ የመጡ ሰዎች ቆመው እየጠበቁ ነው። ምን ልበላቸው?»

«ሰዓቱ ተበላሽቷል በያቸው።»

«ስንት ሰዓት ላይ ይሠራል ይሉኛላ?»

አለበል እጀታውን ቀስ አድርጎ ያስቀምጠዋል። መወርወር እያማረው ነው ቀስ የሚያደርገው።

እንግዲህ የሚያናድደው ይህ ነው፦ መሣሪያው እንዳይቋረጥ ተብሎ የተሠራ ነበር። የሠራው የውጭ ኩባንያ አንድ ሰዓት አይበቃም ብሎ ሦስት አድርጎለታል። ካርድ የሚባሉ ሦስት ቀጫጭን ሰሌዳዎች ጎን ለጎን ተሰክተዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ የምትመታ፣ ክሪስታል የምትባል አንዲት ቅንጣት ድንጋይ አለች። እያንዳንዱ ካርድ የራሱን ምት ከሁለቱ ጎረቤቶቹ ምት ጋር ያስተያያል፤ ከሦስቱ ሁለቱ በተስማሙበትም ይሄዳል። አንዱ ቢታመም ሁለቱ ጤነኞች ይዘውት ያልፋሉ ማለት ነው። በወረቀት ላይ እንከን አይወጣለትም። ግድግዳው ላይ በመስታወት ተሰቅሎ ያለው ሥዕልም እንደዚያው ይላል።

አለበል ለዋናው መሥሪያ ቤት አራት ጊዜ ጻፈ። በመጋቢት መልስ መጣለት። ማኅተሙ ከጽሑፉ ይበልጥ ነበር።

«ሦስት ሰዓቶች በአንድ ጊዜ ሊሳሳቱ እንደማይችሉ ከሠሪው ኩባንያ ተረጋግጧል። ስለሆነም መስመሩ የሚቋረጠው በሠራተኛው ቸልተኝነት መሆኑ ታምኖበታል። ከሰኔ ፴ ቀን ፲፱፻፷፭ ዓ.ም. በኋላ አንድ ጊዜ ቢቋረጥ ከሥራ የሚሰናበቱ መሆኑንና ጣቢያውም ተነቅሎ ወደ ሌላ ስፍራ የሚዛወር መሆኑን እናስታውቃለን።»

ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበው። ሦስት ባንዴ አይሳሳቱም! ማን ተሳሳቱ አለ? እሱ የጻፈው «አንዱ ይታመማል፣ ግን ሦስቱም ይወድቃሉ፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም» ብሎ ነው። ያልጻፈውን መልሰውለት፣ የጻፈውን ትተውታል።

በሽተኛውን ልያዝ ብሎ ተነሣ። ምቱን በአረንጓዴ መስመር የሚያሳይ መለኪያ ነበረው፤ ሲሰካበት ሦስቱም ካርዶች ደህና ናቸው። ሐኪም ሲያይ የሚድን በሽተኛ ያለባት ቤት ሆነች። ሲነቅለው ይቋረጣል። ሳይነቅለው አድሮ ጠዋት ሲመጣ ባትሪው አልቆ ይጠብቀዋል። በመጨረሻ በሚያዝያ አንድ ቀን ጠዋት፣ ነፋሱ ቆርቆሮውን እያርገበገበ፣ ነገሩ ዐይኑ እያየ ሆነ። የሦስተኛው ካርድ ምት ከታች ተነሥቶ፣ ግማሽ መንገድ ወጥቶ፣ ሳይደርስ ተመለሰ። መጣ እንዳይሉት አልደረሰ፤ አልመጣም እንዳይሉት ተነሥቷል። ያዝኩህ አለና ካርዱን ሊቀይር ወሰነ። በማግሥቱ ግን ሦስተኛው ጤነኛ ሆኖ አንደኛው ግማሽ መንገድ ሲመለስ አየው። ሳምንት ቆይቶ ደግሞ ሁለተኛው። ብርዱ ነው፣ አቧራው ነው፣ እግዚአብሔር ይወቀው፤ እዚያች ጉብታ ላይ ሁልጊዜ አንድ በሽተኛ ይኖራል፤ ማን እንደሚሆን ግን አይታወቅም። ይሁን፤ ይታመም። ሁለቱ ጤነኞች ምን ሆነው ነው አብረው የሚወድቁት? ይህን መመለስ አልቻለም፤ አለመቻሉም ሌት ተቀን ያንገበግበው ጀመር።

ፋሲካ አልፎ የግንቦት ልደታ ሲቃረብ የሦስት ቀን ፈቃድ ወሰደና ቤተ ልሔም ወረደ። ዕረፍት ፍለጋ ነበር። የደረሰው ከሰዓት በኋላ ነው፤ እግሩን ሳይታጠብ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ የጭቅጭቅ ድምፅ ሰማ።

ለበዓሉ ወረብ እየተጠና ነበር። በሌላ ጊዜ ደብተራውና ተማሪው ግቢውን ይሞላዋል። ያን ዕለት ግን ስማዳ ውስጥ የአንድ ባለጸጋ ተዝካር ነበርና፣ እግር ያለው ሁሉ ወደዚያ ነጉዶ ዛፉ ሥር የቀሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዱ አባቱ መሪጌታ ናቸው። ሁለተኛው ደብተራ ገብረ መድኅን ነው፤ ዐይኑ ከደከመ ቆይቷል። ሦስተኛው ከበሮ መቺው ግራ ጌታ አዳነ ናቸው፤ ለአለበል ከበሮ ያስተማሩት እሳቸው ነበሩ። ግራ ጌታ አሁን ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። ትከሻቸው ታሟል፤ ጆሯቸውም አይሰማም። እጃቸው ይነሣል፣ ሊመታ ሲል አየር ላይ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ ቆይቶ ይወድቃል። ለሚያያቸው መተዋል፤ ለሚሰማቸው ገና ናቸው።

መሪጌታ የሚያዩት የግራ ጌታን እጅ ነው፤ እጁ ሲወርድ አይተው ይረግጣሉ። ገብረ መድኅን የሚከተለው የከበሮውን ድምፅ ነው፤ በድምፁ ይረግጣል። ወረቡ ቀስ ሲል ልዩነቱ አይታወቅም። እየጠደፈ ሲሄድ ግን ሁለቱ መቋሚያዎች ተለያይተው አንዱ ሲወጣ አንዱ ይወርዳል።

«ቀደሙ እኮ መሪጌታ» አለ ገብረ መድኅን።

«አንተ ዘገየህ እንጂ እኔ አልቀደምኩ። አዳነ ከእኔ ጋር ነው።»

«አዳነማ ከእኔ ጋር ነው። ይኸው ከበሮው!»

ግራ ጌታ አዳነ ሁለቱም ስለ እሳቸው ደግ የሚናገሩ መስሏቸው በደስታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንደገና ጀመሩ፤ እንደገና ተለያዩ። አራት ጊዜ። በአራተኛው መሪጌታ መቋሚያቸውን ወዲያ ጣሉና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይህ ሰው ከበሮውን ይተው። ዛሬ እነግረዋለሁ» አሉ። ዝቅ ማድረጉም አያስፈልግም ነበር፤ ግራ ጌታ አይሰሙም።

ዞር ሲሉ አለበልን አዩት። መንገድ ላይ የከረመ አቧራ ለብሶ ቆሟል።

«አለበል» አሉ። ዐሥራ አንድ ዓመት ያልጠሩት ስም ነው። «መቋሚያ አንሣ።»

«ረስቻለሁ፣ የኔታ። ደግሞ መንገድ አድክሞኛል።»

«እግርህ የረሳ እንደሁ እናያለን። ቁም።»

እየተነጫነጨ ቆመ። ዜማውን አፉ ባይጨርሰውም ረገጣው ሳይጠራ መጣለት። ጀመሩ። ቀስ አለ፣ ጠደፈ፣ ይበልጥ ጠደፈ፤ አልተለያዩም። ግራ ጌታ አዳነ እንደ ቀድሞው እጃቸውን አንሥተው አየር ላይ ያቆማሉ፣ ቆይተው ይመታሉ፤ አልተሻላቸውም። መቋሚያዎቹ ግን እኩል ይወርዳሉ። ወረቡ አለቀ። ገብረ መድኅን ላቡን ጠረገና፣ «እህ፣ አሁን ሰው ሆንን» አለ።

አለበል መቋሚያውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ምን ተለወጠ? አዳነ አልዳኑም። መሪ አልተሾመም። የተጨመረ አንድ ሰው ነው፤ እሱም ድጓ የጣለ። ቆም ብሎ ያደረገውን አስታወሰ። ሲረግጥ አንድ ሰው ብቻ አይቶ አልረገጠም፤ ልማድ ሆኖበት ከራሱ ሌላ ሁለት እስኪሰማ ይጠብቅ ነበር። ሲዘገይ ደግሞ፣ ሁለቱ ቀድመውት ሲሰማ ሳይከራከር ዘልሎ ይደርስባቸዋል። አባቱም፣ ገብረ መድኅንም እንደዚያው ናቸው፤ ማኅሌት ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚቆመው፤ ማንም አይነግረውም። ሦስት ሲሆኑ ግን ከጎንህ አንድ ሰው ካገኘህ ብዙ ሆነሃል፤ ያ አንድ ሰው ደግሞ አዳነ ሊሆን ይችላል። ለአባቱ በእጃቸው «ከአንተ ጋር ነኝ» ይላሉ፤ ለገብረ መድኅን በከበሮው «ከአንተ ጋር ነኝ» ይላሉ። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው፣ ሁለቱም ሁለት ድምፅ አላቸው፣ ሁለቱም በንጹሕ ልቡና ይለያያሉ። አራት ከሆኑ ሁለት ሳትሰማ አትረግጥም፤ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ ጤነኛ ነው።

ግማሽ መንገድ ወጥቶ የሚመለሰው ምት ፊቱ ላይ መጣበት። አንዱ ካርድ «መጣ» ብሎ ይቆጥረዋል፤ ሌላው «አልመጣም» ብሎ ይተወዋል። አንድ በሽተኛ ለሁለት ጤነኞች ሁለት ነገር ይነግራል። ሦስት ካርድ ለዚህ አይበቃም፤ መቼም አይበቃም፤ የቱንም ቢቀይር አይበቃም።

መደሰት ሲገባው ተናደደ። ሁለት ወር! ሁለት ወር መለኪያ ላይ አፍጥጦ የፈለገውን ነገር ልጅ ሆኖ በእግሩ ያውቀው ነበር። መቋሚያውን ለአባቱ መለሰና ወደ ጣቢያው ለመመለስ ነጠላውን አጣፋ።

«በዓሉ ከነገ ወዲያ ነው» አሉ መሪጌታ።

«አውቃለሁ፣ የኔታ። የሚያስቸኩል ነገር ገጠመኝ።»

አባቱ ቀና ብለው አዩት። «ዛሬም?» አሉ።

አለበል እጅ ነሥቶ ሄደ። ያቺ «ዛሬም» እስከ ነፋስ መውጫ ድረስ ተከተለችው፤ በየአቀበቱ እየቆመ ለራሱ ያስረዳ ነበር፣ ለአባቱ ማስረዳት የነበረበትን።

ጣቢያው ውስጥ አንድ የመለዋወጫ ሣጥን ነበር። ውስጡ አንድ ትርፍ የሰዓት ካርድና፣ ብዙ እግር ያላቸው ጥቃቅን ጥቁር ዕቃዎች አሉ። በላዩ ላይ ግን ቀይ ማኅተም ታሽጎበታል፤ «ያለ ዋናው መሥሪያ ቤት ፈቃድ አይከፈትም» ይላል። ፈቃድ ጠይቆ ሲጻጻፍ ሰኔ ሠላሳ ያልፋል። አለበል ማኅተሙን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ በጠመንጃ መፍቻ ሰበረው።

በሁለት እሑዶች ሠራው። አራቱን ካርዶች ጎን ለጎን ሰካ፤ ከእያንዳንዱ ወደ እያንዳንዱ ሽቦ ዘረጋ። ዳኛ የሚባል ሣጥን አላደረገም፤ ዳኛው ራሱ ቢታመምስ? እያንዳንዱ ለራሱ ይሰማል። ሕጉ ሁለት ብቻ ነው፦ ራስህን ጨምሮ ሦስት ሰዎች ሲመቱ ከሰማህ ወደሚቀጥለው ምት እለፍ፤ ወደ ኋላ ቀርተህ ሁለት ሰዎች ቀድመው ከሰማህ ግን አትከራከር፣ ድረስባቸው። «ሰዎች» ይል ነበር ለራሱ፤ «ካርዶች» ማለት አልመጣለትም። መበየጃውን ነቅሎ መሣሪያውን ሲያበራው መታ። ከአራቱ አንዱን ነቀለው፤ መምታቱን ቀጠለ። መልሶ ሰካውና ሌላ ነቀለ፤ ቀጠለ። አለበል ጉብታው ላይ ብቻውን ቆሞ ሳቀ፤ ከዓመት ወዲህ የሳቀው ያኔ ነው።

ሰኔ ሠላሳ አለፈ። ሐምሌና ነሐሴ በዝናቡ፣ መስከረም በጭቃው አለፈ። አንድ ቀን አልተቋረጠም። ታዲያ ማን አመሰገነው? ማንም። ይታይሽ ብቻ ደወለች።

«ጋሼ አለበል፣ ይህን ስልክ ምን አደረጉት? ድሮ ሲሞት አረፍ እል ነበር። አሁን ሰው ተሰልፎ ያስለቅሰኛል።»

በጥቅምት ተቆጣጣሪ መጣ። ሲቋረጥ የማይመጡት፣ ሳይቋረጥ መጡ። መዝገቡ ላይ አምስት ወር አንድም መቋረጥ አለመጻፉ አጠራጥሯቸው ነው። መሐንዲስ አዱኛ ይባላል፤ ከአለበል በዕድሜ የሚያንስ፣ ትሑት፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። ቁጡ ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር። መጀመሪያ የተሰበረውን ማኅተም አየ። ከዚያ ካርዶቹን ቆጠረ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አየ። እንደገና ካርዶቹን ቆጠረ።

«አቶ አለበል፣ ሥዕሉ ላይ ሦስት ነው።»

«አዎ። አራት መሆን ነበረበት።»

«ግን ሦስት ነው።»

አለበል አስረዳ። ሣለ። ግማሽ መንገድ ስለሚመለሰው ምት ተናገረ፤ አንድ ካርድ ነቅሎ አሳየ። አዱኛ በትሕትና አዳመጠ፣ ማስታወሻ ያዘ፣ በመጨረሻም እስክሪብቶውን ዘጋ።

«በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ያልተፈቀደ ነው። የታመመውን ካርድ በትርፉ ይቀይሩትና በሥዕሉ መሠረት ወደ ሦስት ይመልሱት።»

«የትኛውን ልቀይር? ዛሬ የታመመው ነገ ደህና ነው። እዚህ ነፋስ ላይ ሁልጊዜ አንዱ ይታመማል እያልኩዎት ነው!»

«ሥዕሉ ላይ ያለው ሦስት ነው፣ አቶ አለበል።»

መለሰው። ሽቦውን አንድ በአንድ እየነቀለ መለሰው። የከበደው ለሥራው ፈርቶ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ጀምሮ የጨረሰውን ነገር በገዛ እጁ ማፍረሱ ነው። አራተኛውን ካርድ ሣጥኑ ውስጥ አስገባው፤ አዱኛ በአዲስ ሰም አሸገው።

በማግሥቱ ጠዋት ነፋሱ በረታ። አዱኛ ኮቱን ደርቦ የጣቢያውን ስልክ አንሥቶ ለዋናው መሥሪያ ቤት ያመለክት ነበር። «አዎን ጌታዬ፣ በሥዕሉ መሠረት ተስተካክሏል፤ አሁን ምንም…» አለና ቆመ። «ሃሎ» አለ። «ሃሎ፣ ጌታዬ?» ከወዲያ በኩል ስለ በግ ቆዳ የሚከራከር የአንድ ነጋዴ ድምፅ ለአፍታ ገባ፤ ከዚያ ሁሉም ዝም አለ። አለበል በሩ ላይ ተደግፎ ቆሞ ነበር። መናገር ያላማረው በሕይወቱ ያን ቀን ብቻ ነው።

አዱኛ እጀታውን አስቀመጠ። ወደ አለበል ሳያይ የራሱን ሰም በራሱ እጅ ሰበረው። «አራተኛውን ይመልሱ» አለ። ከመሄዱ በፊትም ከኪሱ ቀይ እርሳስ አውጥቶ፣ መስታወቱን አንሥቶ፣ ሥዕሉ ላይ አራተኛ ካርድ ሣለ። አልፈረመበትም።

በኅዳር ደብዳቤ መጣ። ጉድለቱ በመሥሪያ ቤቱ ብርቱ ክትትል ተገኝቶ መስተካከሉን፣ ጣቢያውም እዚያው የሚቆይ መሆኑን ይገልጻል። አለበል ኃይለ ሚካኤል የታሸገ ንብረት ያለ ፈቃድ በመክፈቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል። ስሙ የተጠቀሰው እዚያች ላይ ብቻ ነው። ንዴቱ ሦስት ቀን ቆየበት። በአራተኛው ቀን ለኅዳር ጽዮን ፈቃድ ሞላና ቤተ ልሔም ወረደ፤ በዚህ ጊዜ ግን በዓሉ ሳያልፍ እንደማይመለስ ለይታይሽ ነግሯት ነበር።

አባቱን ዛፉ ሥር ብቻቸውን አገኛቸው። ጥናቱ ገና አልተጀመረም። ተቀመጠና፣ ሳይጠይቁት፣ ነገሩን ከመጀመሪያው ነገራቸው፤ ሦስቱን ካርዶች፣ በሽተኛውን፣ አዳነን፣ ለምን ያን ዕለት ጥሎ እንደሄደ። መሪጌታ መቋሚያቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው ሰሙት።

«ያ የታመመው» አሉ በመጨረሻ፣ «አወጣኸው?»

«የለም፣ እዚያው ነው። ሲመታ እንሰማዋለን፤ ሲስት አንጠብቀውም።»

«እ» አሉ። «አዳነን ያን ቀን ላስወጣው ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አንተ ስትመጣ ተውኩት።»

ግራ ጌታ አዳነ ከበሯቸውን አንጠልጥለው፣ ገብረ መድኅን ደግሞ መንገዱን በመቋሚያው እየዳበሰ በቅጥሩ በር ገቡ። መሪጌታ ተነሡ፤ ከዛፉ ጀርባ አንድ አሮጌ መቋሚያ አመጡ። እጀታው ላይ አለበል በልጅነቱ በቢላዋ የቀረጸው መስቀል አለ። ተጥሏል፣ ጠፍቷል፣ ተቃጥሏል ብሎ ያሰበው መቋሚያ ነው። ሳያዩት ዘረጉለት፤ ፊታቸው እንደ ወትሮው የተኮሳተረ ነበር።

«ዐሥራ አንድ ዓመት አንድ ሰው ጎድሎን ነው የቆምነው» አሉ እየተነጫነጩ። «አሁንስ ትቆማለህ ወይስ የሚያስቸኩል ነገር አለህ?»

አለበል መቋሚያውን ተቀበለና በቦታው ቆመ። ግራ ጌታ አዳነ እጃቸውን አነሡ፤ አየር ላይ አቆሙት። ማንም አልጠበቃቸውም።